ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሊምፍ ዕጢ ንቅለ ተከላ የማይተካው ሕክምና

የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምናና ጨረር ጨርሳ ወደ ቤቷ የገባች ሴት ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ክንዷ መክበድ ይጀምራል። ቀለበቷ አልወልቅ ይላል፤ እጅጌዋ ይጠብባታል። ካንሰሩ አገርሽቶ እንደሆነ ሐኪም ማጣራት አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሊምፌዴማ ነው፦ በብብቷ የነበሩት የሊምፍ ዕጢዎች በቀዶ ሕክምናው በመውጣታቸው ወይም በጨረሩ በመጎዳታቸው ፈሳሹ መውጫ አጥቷል።

የሊምፍ ሥሮች ሥራ ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋችን መካከል የቀረውን ፈሳሽና ፕሮቲን ሰብስበው ወደ ደም መመለስ ነው። መንገዱ ሲዘጋ እብጠቱ መጀመሪያ ላይ ውሃ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጎዳል፣ እጅን ከፍ ሲያደርጉት ይጎድላል። እየቆየ ሲሄድ ግን ሥጋው ይቆጣል፣ ጠባሳ ይይዛል፣ ስብ ይሞላበታል። ያኔ ክንዱን ያሳበጠው ውሃ ብቻ መሆኑ ይቀራል። የሊምፍ ዕጢ ንቅለ ተከላ ለፈሳሹ መንገድ ሊከፍት ይችላል፤ የደደረውን ስብና ጠባሳ ግን አያቀልጥም። ስለዚህ የዚህ ቀዶ ሕክምና ዋጋ የሚለካው ከእሱ በፊትና በኋላ በሚደረገው እንክብካቤ ነው እላለሁ።

አሠራሩ ድንቅ ነው። ሐኪሙ ከብሽሽት፣ ከአገጭ ሥር ወይም ከሆድ ዕቃ ሞራ ጥቂት የሊምፍ ዕጢዎችን ከነደም ሥሮቻቸው ያወጣል። ከዚያም ወደተጎዳው ክንድ ወስዶ በማይክሮስኮፕ እያየ ከፀጉር በቀጠነ ክር ደም ወሳጁን ከደም ወሳጅ፣ ደም መላሹን ከደም መላሽ ጋር ይሰፋል። ዕጢው ደም አግኝቶ ሲያገግም አዳዲስ የሊምፍ ሥሮች እንዲበቅሉ የሚገፋፉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፤ በዙሪያው ያለውን ፈሳሽም እየመጠጠ በራሱ ደም መላሽ በኩል ያስወግዳል። ዕጢው ከታካሚዋ ከራሷ ገላ ስለሚወሰድ ሰውነቷ እንደ ባዕድ አይቃወመውም።

ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል። ፈረንሳዊቷ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኮሪን ቤከር በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቢያንስ ለአምስት ዓመት ከተከታተሏቸው 24 ሴቶች የ10ሩ ክንድ ወደ ቀድሞ ልኩ ተመልሷል፣ የ12ቱ ቀንሷል፣ በ2ቱ ለውጥ አልታየም። ይህ ጥናት ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። በግሪክ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ግን 36 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሴቶች እብጠት በአማካይ 57 በመቶ ሲቀንስ፣ ያልተደረገላቸው በ18 በመቶ ቀነሰ። ልብ ልንለው የሚገባው፣ ሁለቱም ቡድኖች ለስድስት ወር ፊዚዮቴራፒና የማጥበቂያ ፋሻ ማግኘታቸው ነው። ልዩነቱ የተገኘው በእንክብካቤው ላይ ንቅለ ተከላው ሲጨመር እንጂ በቦታው ሲተካ አይደለም።

ጉዳትም አለው። ዕጢው ከብሽሽት ሲወሰድ በዚያ በኩል ያለው እግር ራሱ ሊያብጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ሐኪሞች የትኞቹ ዕጢዎች የእግሩን ፈሳሽ እንደሚያሳልፉ በቀለም ለይተው እነዚያን ሳይነኩ ይተዋሉ።

የኢትዮጵያ ነገር ስለ እንክብካቤ ያልኩትን ያጠናክራል። በሀገራችን ሊምፌዴማን ከሚያመጡት ዋነኞቹ አንዱ በባዶ እግር በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ መመላለስ የሚያስከትለው ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በሽታውን በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ያጠኑት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፣ ያበጠው እግር በቀዶ ሕክምና ቢስተካከልም ታካሚው ወደ አፈሩ ባዶ እግሩን ከተመለሰ እብጠቱ ከፊተኛው በባሰ ሕመም እንደሚያገረሽ ተመልክተዋል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ደግሞ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ አልጋ ላይ የሚጥለውን የትኩሳትና የሕመም ግርሻ በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። በውሃና በሳሙና ለሚገኝ ለውጥ ይህ ትንሽ አይደለም።

ይህን የምለው ማይክሮስኮፑ ለእኛ ቅንጦት ነው ለማለት አይደለም። ሙያው ሊሰለጥንበት፣ መሣሪያውም ሊገዛ ይገባል። ነገር ግን ክንድ የሚለካበት ሜትር በሌለበት የካንሰር ክትትል፣ ፋሻ በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ላይ የሚቆም ንቅለ ተከላ መሠረት የለውም። ስለዚህ የካንሰር ሐኪሞቻችን ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሁለቱንም ክንድ ልክ ይመዝግቡ፤ በየቀጠሮውም ይለኩ። ጤና ጣቢያዎች ፋሻና ሳሙናን እንደ መድኃኒት ይቁጠሩ። ንብረት ሸጦ ለዚህ ቀዶ ሕክምና ውጭ ሀገር ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብም አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ እብጠቱ ውሃ ነው ወይስ ስብ? ዕጢው የሚወሰድበት ቦታ እንዴት ይጠበቃል? ከተመለስን በኋላ ፋሻውንና ፊዚዮቴራፒውን ማን ይከታተላል? ለሦስቱም መልስ ሳያገኝ ገንዘቡን አይክፈል።