ስለ ጀልባ ሞተር ፕሮፔለር አመራረጥ

ስለ ሰቆጣና ስለ ዋግ ምድር ሲነገር ሰው የሚያስበው ተራራውንና ገደሉን፣ ማሩንና ፍየሉን ነው እንጂ ጀልባን አይደለም። ነገር ግን 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ ሸለቆ ሐይቅ ስለ ሆነ፣ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ በኩል ዓሣ ማስገር ለወጣቶች የእንጀራ በር ሆኗል። ስለዚህ፣ የተከበራችሁ አስተዳዳሪዎችና የወረዳ ሹማምንት፣ ስለ እርሻ በሚጻፍበት ገጽ ስለ ጀልባ ሞተር ብናገር እንግዳ ነገር ሆኖ እንዳይታያችሁ እለምናለሁ።

ከጀልባው በስተኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ውሃውን የሚገፋበት ባለ ክንፍ ብረት ፕሮፔለር ይባላል። ይህ ብረት ተሰብሮ ምትኩ ሲታዘዝ በግዢው ወረቀት ላይ «ፕሮፔለር፣ ብዛት 1» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ፣ ነጋዴው በመደብሩ የተረፈውን ያቀርባል። ቍጥሩን ሳይናገሩ «ጫማ፣ አንድ ጥንድ» ብሎ እንደ ማዘዝ ነው።

በፕሮፔለሩ ላይ ኹለት ቍጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ። የፊተኛው የክንፎቹ ዙሪያ ስፋት በኢንች ነው። ኹለተኛው እርምጃው ነው፤ ይኸውም አንድ ጊዜ ሙሉ ሲዞር፣ ውሃው ባይሸሽበት ኖሮ፣ ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት ነው። እርምጃው የበዛ እንደ ኾነ ጭነት የሌለበት ጀልባ ይፈጥናል፤ ዓሣና መረብ፣ አራት ሰውም የጫነ ጀልባ ግን ዳገት ላይ እንደ ደከመ በቅሎ ያቃስታል፤ ነዳጅም ያባክናል፤ ሞተሩም ቶሎ ያረጃል።

በዋግ በኩል ደግሞ የከፍታ ነገር አለ። ሐይቁ በሞላ ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ 1140 ሜትር ያህል ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 እጅ ያህል ጕልበት ያጣል፤ ስለዚህ በተከዜ ከመቶ ከ10 እጅ የሚበልጠው ጠፍቷል ማለት ነው። በጣና፣ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ጕድለቱ ከዚህም ይብሳል። እንግዲህ ለባሕር ጠረፍ የተመረጠው ቍጥር ለእኛ አይሆንም፤ ከባሕር ዳር የተዋሱት ቍጥርም ሳይፈተን አይታመንም።

ፈተናው ቀላል ነው። ጀልባው ዘወትር የሚሸከመውን ጭነት ተሸክሞ፣ ሞተሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር በመለኪያ ይታይ። የሞተሩ መጽሐፍ ከ5000 እስከ 6000 ዙር ይላል እንበል፤ የተገኘው ግን 4600 ቢሆን፣ እርምጃው በአንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ 200 ያህል ስለሚጨምር፣ ኹለት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ይገዛል። የመሐሉ ቀዳዳ ጥርሶችም ከሞተሩ ዘንግ ጋር ቍጥራቸው እኩል መሆን አለበት፤ ያለዚያ አይገባም።

ስለ ብረቱ ዓይነት ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። የማይዝገው ብረት ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። እኔ ግን ለተከዜ አሉሚኒየሙን እመርጣለሁ። የሰጠመ ግንድና ድንጋይ ባለበት ውሃ ለስላሳው ክንፍ ራሱ ተጣሞ ወይም ተሰብሮ ምቱን ይቀበላል፤ ጠንካራው ግን ምቱን ወደ ውስጠኛው ጥርስ ያሳልፋል፤ የዚያም መጠገኛ ከብዙ ፕሮፔለር ዋጋ ይበልጣል። የተጣመመውን ክንፍ በድንጋይ ቀጥቅጦ መመለስም መልካም አይደለም፤ የተዛባ ክንፍ ሞተሩን እያንቀጠቀጠ ዘንጉን ይጎዳል።

ግድቡ ውሃውን ለኤሌክትሪክ ስለሚያወጣው በበጋ ሐይቁ እየወረደ ይሄዳል፤ ቀድሞ ከጥልቅ የነበረው ድንጋይም ወደ ላይ ይቀርባል። ዓሣ በብርቱ የሚፈለገውም በዚሁ ወራት፣ በዐቢይ ጾም ነው፤ ምንም እንኳ ዓሣን በጾም ስለ መብላት ሊቃውንቱ ባይስማሙ። በዚያን ጊዜ ለአንድ ፕሮፔለር ተብሎ ጀልባ ሳምንታት ቢቆም፣ የዓመቱ ትርፍ ይጠፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጀልባ አንድ ትርፍ ፕሮፔለር ከነማሰሪያው ከጥር በፊት ይገዛ።

ፕሮፔለሩ በተፈታ ጊዜ በዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ክር እንዳለ ይታይ። ክሩ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ይቈርጣል፤ የማርሹም ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። አሮጌው ፕሮፔለርም ቢሰበር አይጣል፤ ከግዢው ወረቀት ጋር አብሮ ወደ ሻጩ ይላክ፤ ቍጥሩ ይነበብበታልና።