ከሶቶ ኋላ የሚቆመው ማነው?

በ2025 የውድድር ዘመን ዋዜማ ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት የቤዝቦል ክለባችን የናሽናልስ ደጋፊዎች ከተገናኙ ወሬው ሁዋን ሶቶ ነበር፤ ያውም ስለ ገንዘቡ። 15 ዓመት፣ 765 ሚሊዮን ዶላር! በ2022 የእኛ ክለብ ያቀረበለትን 440 ሚሊዮን አልፈልግም ብሎ ለሳንዲያጎ የተለወጠው ልጅ በያንኪስ በኩል ዞሮ እዚሁ ምድባችን ውስጥ፣ ሜትስ ጋ ገብቷል። ገንዘቡ የከፋዩ ጣጣ ነው። እኔን ያሳሰበኝ አሰላለፉ ነበር።

የወቅቱ የሜትስ አሰልጣኝ ካርሎስ ሜንዶዛ ሊንዶርን አንደኛ፣ ሶቶን ሁለተኛ፣ ፒት አሎንሶን ሦስተኛ መቺ ለማድረግ አቅዶ ነበር። በ2024 ሦስቱ 33፣ 41 እና 34 ሆም ረን መትተዋል። ከሶቶ ግን ከሆም ረኑ ይልቅ ትዕግሥቱን እፈራለሁ። በዚያው ዓመት 129 ጊዜ በነፃ አንደኛ ቤዝ ሄዷል። ኳሷ ዒላማውን በጣት ስፋት ስታ ስታልፍ ዱላውን ሳያንቀሳቅስ እስከ ካቸሩ ጓንት ድረስ በዓይኑ ይሸኛታል፤ ከዚያ ቁጢጥ ብሎ፣ በእግሩ መሬቱን ጠረግ አድርጎ ወርዋሪው ላይ ያፈጣል። የእኛ እያለ ደስ ይለን ነበር፤ አሁን ነው ንቀት የመሰለን!

ታዲያ በ2024 ያንኪስ ሳለ ከኋላው የቆመው 58 ሆም ረን የመታው አሮን ጀጅ ነበር። ሶቶን በነፃ ማሳለፍ ቤዝ ላይ ሰው አስቀምጦ ጀጅን መጋፈጥ ስለሆነ ወርዋሪዎች ሳይወዱ በግድ ዒላማው ውስጥ ይወረውሩለት ነበር። አሎንሶ ጉልበተኛ ነው፤ ጀጅን ግን አይተካም። በዚያው ዓመት 172 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆኗል። የሜትስ ክፍተት እዚህ ላይ ነበር፤ በክረምቱ ከተወራው ሁሉ ይህ በቂ ትኩረት አላገኘም።

በዓመት 13 ጊዜ እንገናኛለን። በሶቶ ምትክ ካገኘናቸው ልጆች በ2025 ጄምስ ዉድና አብራምስ ዱላ ይዘው ይመጡ፣ መኬንዚ ጎር ደግሞ ራሱ ይወረውርለት ነበር። ጎር ግራኝ ነው፤ ሶቶም በግራ ስለሚመታ ብልጫው የወርዋሪው ነው፤ ሊገጥመው እንጂ ሊሸሽ አይገባውም ነበር። ሌሎቹ ወርዋሪዎቻችን ግን ሁለት ሰው ወጥቶ፣ ሊንዶር ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሆኖ፣ አንደኛው ባዶ ከሆነ ደጋፊው ቢጮህም ሶቶን አሳልፈው አሎንሶን መጠበቅ ነበረባቸው።