ወላጅን ለሚጦር ዘመድ የሚከፈል ገንዘብ ግብር አለበትን?

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ አረጋዊ ወላጅን የሚጦረው አብዛኛውን ጊዜ ከቤት የቀረው ልጅ ወይም የእህት ልጅ ነው፤ ከተማ የገቡት ደግሞ በየወሩ ገንዘብ ይልካሉ።

የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ ካደረጋቸው ገቢዎች መካከል ለቤት ሠራተኛ የሚከፈል ደመወዝ እና ለቀለብ የሚሰጥ ገንዘብ ይገኙበታል። በ2017 ዓ.ም በወጣው ማሻሻያም ግብር የማይነካው ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2 ሺህ ብር ከፍ ብሏል። ስለዚህ እናቷን ለምትንከባከብ እህት የሚላከው ብር የሚያሰጋ አይደለም።

ችግር የሚመጣው ላኪው ነጋዴ ሆኖ ክፍያውን በሱቁ ወጪ ሲመዘግበው ነው። ሕጉ የግል ፍጆታ ወጪ ከንግድ ገቢ ላይ እንዲቀነስ አይፈቅድም። እህት በሱቁ የደመወዝ መዝገብ ከገባች ደግሞ እንደ ማንኛውም ተቀጣሪ ትታያለች።

በገጠር ግን የጧሪነት ዋጋው ብዙ ጊዜ ብር ሳይሆን መሬት ነው። ልጅቱ የአባቷን ማሳ እያሳረሰች ምርቱን ለቤቱ ታውላለች፤ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውንና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብሩን በአባቷ ስም ትከፍላለች። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው። ደረሰኙ ግብር መከፈሉን እንጂ ይዞታው መተላለፉን አያሳይም። አባት ማሳውን ለጧሪው ለመስጠት ከወሰነ ስጦታው በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ምንም ያህል ቢከበር፣ ወንድማማች ሲካሰስ ደካማ ማስረጃ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቃሉን የሰጠው አባት የለም።