ስለ ነዳጅ ፓምፕ ድካምና ስለ ችኩል ፍርድ

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ፒክ አፕ መኪናና ስለ ነዳጅ ፓምፑ መጻፌን አይታችሁ፥ ይህ የጋራዥ ነገር ከቤት ጕዳይ ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገር ግን በዛሬ ጊዜ ፒክ አፕ ማለት እህሉን ከገጠር የሚያመጣ፥ ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፥ በሽተኛን ወደ ሐኪም የሚወስድ የቤት አገልጋይ ነው። እርሱ በመንገድ የቆመ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ሁሉ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ሳልሸሽግ ነግሬ፥ ከዚያም የተማርሁትን ብጽፍ ለሌላው ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ባለፈው ክረምት አማቴ ታመው ከደብረ ሲና ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና ስናመጣቸው፥ ባለ ቤንዚኑ ፒክ አፓችን የጣርማ በርን አቀበት ሲይዝ ጕልበቱ ከዳው። ጊዜው ወደ ማታ ነበር፤ ጉሙም መንገዱን ሸፍኖት ስለ ነበረ መብራቱን ሁሉ አብርተን እንሄድ ነበር። ሹፌሩ ቤንዚን ቢሰጠው፥ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ሄዶ ከዋሻው በታች ቆመ። በስተ ኋላችን የጭነት መኪና ይመጣ ነበርና ልጄ ወርዶ ከጎማው በታች ድንጋይ አኖረ፤ ባለቤቴም እናቷን በጋቢ ሸፍና አቅፋ ተቀመጠች። በመጨረሻ አንድ ደግ መንገደኛ አማቴን ተቀብሎ ወደ ሐኪም አደረሰልን። የእኛ መኪና ግን መብራቱን አጥፍተን ጥቂት ካሳረፍነው በኋላ ምንም እንዳልሆነ ተነሣ፤ አቀበቱም አልቆ ስለ ነበረ በዝግታ ደብረ ብርሃን ገባን።

ሹፌሬ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለኝ ሰው ነው። በማግሥቱ፦ «ጌታዬ፥ ፓምፑ የደከመ ይመስለኛል። ነገር ግን መብራት ሲበራ ነው የሚብስበት፤ ይህንንም ቢያስመረምሩት» አለኝ። እኔ የቃሉን መጀመሪያ ሰምቼ መጨረሻውን ተውሁት። አዲስ ፓምፕ አስገዛሁ፤ ገንዘቡም ቀላል አልነበረም። አንድ ወር ሳይሞላ መኪናው ማታ በእንጦጦ አቀበት ላይ እንደ ቀድሞው ቆመ። ያን ጊዜ ተቈጣሁ፤ ቤንዚኑን ከነጭ ጋዝ ጋራ ደባልቆ የዋጋውን ልዩነት ወስዶታል ብዬ ጠረጠርሁ፤ ጠርጥሬም አልቀረሁ፥ አሰናበትሁት። ባለቤቴ፦ «ዘጠኝ ዓመት ያመኑትን ሰው በአንድ ቀን ቍጣ ያሰናብቱታልን? ምን አይተው ነው?» ብትለኝ፥ ነገሩ የታወቀ ነው ብዬ ዘጋኋት። በፍርድ ቤት በጸሐፊነት ስኖር፥ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ በይግባኝ ሲሻር ስንት ጊዜ በገዛ እጄ ጽፌአለሁ። በቤቴ ግን ይህን ረሳሁ።

ሹፌሩ ከሄደ በኋላም ሕመሙ መኪናውን አለቀቀውም። ነዳጁን እኔ ራሴ ቆሜ አስቀዳሁ፤ መኪናው ግን ማታ ማታ እንደ ልማዱ ይደክማል። በዚህ ጊዜ ወደ አንድ አረጋዊ መካኒክ ወሰድሁት። እኚህ ሰው፦ «ጌታው፥ ሌላ ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት ይህኛውን እንጠይቀው» አሉኝ። በነዳጁ መሥመር ላይ የግፊት መለኪያ አግብተው ሞተሩን አስነሡ፤ መለኪያው 2.8 ባር አሳየ። ቀጥለው መብራቶቹን አበሩ፤ መለኪያው እያየነው ወደ 2 ባር ወረደ። ከዚያ የኤሌክትሪክ መለኪያ አምጥተው ባትሪውን ቢለኩት 13.8 ቮልት ሆነ፤ ፓምፑ ዘንድ የሚደርሰው ግን 9.6 ቮልት ብቻ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከሰልባትዮው አጠገብ በሻሲው ላይ የታሰረው የኤሌክትሪክ መመለሻ፥ መካኒኮች ማሳ የሚሉት፥ በጭቃና በዝገት ተበልቶ ነበር። ያው ማሳ የኋላውን መብራት ኤሌክትሪክ ደግሞ ስለሚመልስ፥ መብራት በበራ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ጠባብ በር ይጋፉ ነበር፤ ፓምፑም ኀይል ያጣል። አዲሱ ፓምፕም እንደ አሮጌው የደከመው ስለዚህ ነው። ሹፌሩ የተናገረው ቃል እውነት ነበረ።

አሁን የፓምፑን ሥራ ከሥሩ እንመልከት። ካርቡራተር ያላቸው የቀድሞ ፒክ አፖች፥ ለምሳሌ 22አር የተባለው ሞተር ያለው ቶዮታ ሃይሉክስ፥ ፓምፓቸው በሞተሩ ላይ ተገጥሞ በሞተሩ ዙረት የሚሠራ ነው፤ ግፊቱም ከግማሽ ባር አያልፍም። ቤንዚኑን በኢንጀክተር የሚረጩት ግን በሰልባትዮው ውስጥ የጠለቀ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አላቸው፤ የአብዛኞቹ ግፊት ከ2.5 እስከ 4 ባር ይደርሳል። ፓምፑ በነዳጅ ውስጥ መጥለቁ በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛ ነዳጁ ያበርደዋል፤ ሁለተኛ ነዳጅን ከሩቅ ከመሳብ ይልቅ ከቅርብ መግፋት ይሻላል። ቤንዚን በሚሳብበት መሥመር ውስጥ ግፊቱ ይቀንሳልና፥ በሙቀትና በከፍታ ቦታ በቀላሉ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ፓምፑም እንፋሎትን እንደ ነዳጅ መግፋት አይሆንለትም። ባለ ካርቡራተር መኪና በቀን ሐሩር አቀበት ላይ ቆሞ፥ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞ ሰልባትዮው ሊያልቅ ሲል ዘወትር የሚነዳ ሰው ለጠለቀው ፓምፕ ማብረጃውን ይነሣዋል፤ ከሩብ በታች አለማውረድ ደግ ልማድ ነው።

እንግዲህ መኪናው የደከመ እንደ ሆነ በፓምፑ ላይ ከመፍረድ በፊት ምስክሮቹን በተራ መስማት ይገባል። የመጀመሪያው ምስክር ጆሮ ነው። ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ቢከፍቱት፥ በብዙዎቹ መኪኖች ፓምፑ ሁለት ሰከንድ ያህል ሲያጕረመርም ከሰልባትዮው ዘንድ ይሰማል። ዝም ካለ ፊውዙንና ሪሌውን ማየት ነው። በብዙ የፎርድ ፒክ አፖች ውስጥ ደግሞ ግጭት ሲደርስ ፓምፑን የሚያቆም ማጥፊያ አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ኃይለኛ መናወጥ ብቻውን ይዘጋዋል። እንዲህ ከሆነ አስቀድሞ የሚፈስ ነዳጅ አለመኖሩን አይቶ፥ ቁልፉን ተጭኖ መመለስ ይበቃል።

ሁለተኛው ምስክር የሰልባትዮው ክዳን ነው። መኪናው በደከመ ጊዜ ክዳኑን ሲፈቱት አየር እየተሳበ ገብቶ ሞተሩ ወዲያው ቢያገግም፥ የተዘጋው የአየር መተንፈሻው ነው እንጂ ፓምፑ ደኅና ነው። ሦስተኛው ፊልትሮ ነው። አንዱ በመሥመሩ ላይ፥ ሌላው ወንፊት ሆኖ ከፓምፑ እግር ሥር ይገኛል። በጀሪካን የተቀዳ ነዳጅ አቧራና ውሃ ይዞ ስለሚገባ ሁለቱም ይደፈናሉ፤ የተደፈነ ፊልትሮም መኪናው ሜዳ ላይ ደኅና ሄዶ አቀበት ላይ እንዲታክት ያደርገዋል።

አራተኛው የግፊት መለኪያ ነው። ግፊቱን ሞተሩ በዝግታ ሲዞርም፥ ቤንዚን ሲሰጠውም፥ መብራት ሲበራም ማየት ይገባል፤ በጋራዥ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ አይበቃም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱ ወዲያው የወደቀ እንደ ሆነ፥ በፓምፑ ውስጥ ያለው ነዳጅ እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቭ ወይም ኢንጀክተሩ ወይም የግፊት መቈጣጠሪያው ያንጠባጥባል። አምስተኛው የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ፓምፑ እየሠራ ሳለ ከራሱ ዘንድ የሚለካው ቮልት ከባትሪው በጥቂቱ ብቻ ማነስ አለበት፤ የሁለቱ ልዩነት ከ1 ቮልት በላይ ከሆነ ጥፋቱን ከሽቦው፥ ከሪሌውና ከማሳው መፈለግ ነው። እነዚህ አምስቱ ሁሉ ደኅና ሆነው ግፊቱ ዝቅተኛ የሆነ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ፓምፑ ይፈረድበት።

ስለ ማሻሻል ደግሞ ጥቂት ልናገር። መኪናው ሲደክም «ትልቅ ፓምፕ እናግባለት» የሚሉ አሉ። በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ በገበያ ይገኛል፤ ነገር ግን ሞተሩ እንደ ፋብሪካው ከሆነ ከሚያስፈልገው በላይ አይጠጣም። የተረፈው ነዳጅ በመመለሻው ቱቦ መሄድ አለበት፤ ቱቦው ጠባብ ከሆነ ግፊቱ ከልኩ አልፎ ሞተሩ ነዳጅ ያባክናል፥ ጥቁር ጢስም ያወጣል። ትልቅ ፓምፕ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብም አሮጌው ሽቦ ይግላል። ስለዚህ ትልቅ ፓምፕ የሚገባው ሞተሩ ራሱ ተሻሽሎ፥ ቱርቦ ወይም ትልልቅ ኢንጀክተር ሲጨመርለት ነው። ለእኛ መኪና አረጋዊው ያደረጉት ማሻሻያ ሌላ ነው፤ ማሳውን ፍቀው በአዲስ ወፍራም ሽቦ አሰሩት፤ ከባትሪውም በፊውዝና በሪሌ በኩል ለፓምፑ ብቻ የሚሆን መሥመር ዘረጉለት። ከዚያ በኋላ መብራቱ ሁሉ በርቶ ሳለ ፓምፑ ዘንድ 13.4 ቮልት ደረሰ።

አሮጌውን ባለ ካርቡራተር መኪና ወደ ኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚለውጥ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። የኢንጀክተር መኪና ፓምፕ ለካርቡራተር አይሆንም፤ ግፊቱ የካርቡራተሩን መዝጊያ አሸንፎ ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ ያፈሰዋል። ደግሞ ሞተሩ ሲቆም ፓምፑም አብሮ እንዲቆም የሚያደርግ ማጥፊያ ይገባዋል፤ አለዚያ መኪናው የተገለበጠ እንደ ሆነ ፓምፑ ለእሳቱ ነዳጅ ሲያቀብል ይቈያል።

ባለ ናፍጣ ፒክ አፕ ያላችሁ ደግሞ ትልቁ ፖምፓ የሚቀባውም የሚቀዘቅዘውም በናፍጣው መሆኑን አትርሱ። በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 በተሠሩት የዶጅ ራም ባለ ኩሚንስ ሞተር ፒክ አፖች ይህ በግልጥ ታይቷል። ናፍጣውን ከሰልባትዮ የምታቀብለው ትንሿ ፓምፕ ከሞተሩ ጎን ተቀምጣ ከሩቅ ትስብ ነበርና ስትደክም፥ ነዳጅ ያነሰው ትልቁ ፖምፓ ተቃጥሎ ባለቤቶቹን ብዙ ገንዘብ ያስወጣቸው ነበር። ብዙዎቹም የበለጠ ጠንካራ ፓምፕ ከሰልባትዮው አጠገብ አስገብተው፥ የግፊት መለኪያ ከሹፌሩ ፊት አኖሩ። በዚህ ስፍራ ማሻሻሉ በእውነት ተገቢ ነበረ፤ ምክንያቱ ታውቋልና። በእኛም ዘንድ ከናፍጣው ፊልትሮ ሥር ያለውን ውሃ በየጊዜው ማፍሰስ፥ ቱቦው አየር እንዳይስብም መመልከት ትልቁን ፖምፓ ከሞት ያድናል። የዛሬዎቹ ኮመን ሬይል የተባሉት የናፍጣ ሞተሮች ግን ከ1,000 ባር በላይ ግፊት ስላላቸው፥ ሞተሩ ሲሠራ ቱቧቸውን የሚፈታ ሰው ሥጋውን ያስበጣል፤ ይህን ለባለ ሙያ ተዉት።

ለቤት እመቤቶችና ለልጆች አባቶች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቤንዚን ያለበት ሥራ ሁሉ ባትሪው ተፈትቶ፥ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቆ በሜዳ ይሠራ። ቤንዚንን በአፍ በቱቦ መሳብ ሳንባን ያቃጥላልና ማንም አያድርገው። በውሃ ጠርሙስ ቀድቶ በቤት ማኖርም ሕፃን ውሃ መስሎት እንዲጠጣው መጋበዝ ነው።

ነገሬን ልጨርስ። መኪናው የተሠራ ዕለት አንድ ሽማግሌ ይዤ ወደ ሹፌሬ ቤት ሄድሁ። በሰዎች ፊት እንዳሰናበትሁት በሰዎች ፊት ይቅርታ ለመንሁት፤ ያለ ሥራ የተቀመጠበትንም ወራት ደመወዙን ከፈልሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፦ «ጌታዬ፥ ገንዘቡስ ይሁን። ልጆቼ ግን አባታችን ሌባ ተባለ ብለው ነበር፤ ለእነርሱ ይንገሩልኝ» አለኝ። ልጆቹን አስጠርቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኋቸው። ከአምስቱ ምስክር ሁሉ ይህን መናገር ከበደኝ።

አሁን በመኪናው ውስጥ ትንሽ ደብተር አለች። መኪናው በደከመ ቁጥር ሹፌሩ ሰዓቱን፥ አቀበት ወይም ሜዳ መሆኑን፥ የነዳጁን መጠን፥ መብራት መብራት አለመብራቱን ይጽፍባታል፤ እኔም ወደ ጋራዥ ከመላኬ በፊት አነባታለሁ። እናንተም አንባቢዎቼ በየቤታችሁ ይህን ብታደርጉ፥ ለፓምፕ የሚወጣው ገንዘብ ይተርፋችኋል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ መኪናውን ዕለት ዕለት የሚይዘውን ሰው ቃል እስከ መጨረሻው ትሰማላችሁ።