«ቁማርተኛ» ስድብ ነውን?

አንድን ፖለቲከኛ ክፉኛ ልንነቅፍ ስንሻ «በሕዝብ ላይ ቁማር ይጫወታል» እንላለን። አነጋገሩ የቆየ ነው። እኔ ግን የፖከርን መሠረታዊ ሕግጋት ከተማርኩ ወዲህ ይህ ስድብ የሚበድለው ፖለቲከኛውን ሳይሆን ቁማርተኛውን ይመስለኛል። ምክንያቴን ላስረዳ።

በብዛት የሚታወቀው የፖከር ዓይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። 52 ካርታ ይበወዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በምስጢር ይታደላል። ከዚያም ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች በጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ፦ በመጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ተጫዋቹ ከሰባቱ መካከል የተሻሉትን አምስት ያጣምራል። ካርታው እንደታደለና ከሦስቱ መግለጦች በኋላ፣ በድምሩ አራት ጊዜ ገንዘብ ይያዛል። ተቀናቃኙ ገንዘብ ካስያዘ ተራው የደረሰው ሰው ሦስት ምርጫ አለው፦ ያንኑ ያህል መክፈል፣ ከዚያ በላይ መጨመር፣ ወይም ካርታውን ጥሎ መውጣት።

ጀማሪ ሦስተኛውን ምርጫ እንደ ውርደት ያየዋል። አዋቂው ግን አብዛኛውን ካርታ ገና ከጅምሩ ይጥላል፤ ሁለት አስ በእጅ የሚገባው በአማካይ ከ221 ጊዜ አንዴ ብቻ መሆኑን ያውቃልና። ስሌቱም ቀላል ነው። በጠረጴዛው ላይ 100 ብር ተከምሯል፤ ለመቀጠል 50 ብር ተጠየቅሁ እንበል። ኪሳራ ላይ እንዳልወድቅ የማሸነፍ ዕድሌ ቢያንስ ከሦስት አንድ መሆን አለበት። አንድ ካርታ ብቻ ሲቀር፣ ካላየኋቸው 46 ካርታዎች የሚያድኑኝ 9 ከሆኑ ዕድሌ ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እጥላለሁ። ከ100 ብሩ ውስጥ 40ው ከእኔ ኪስ የወጣ መሆኑ ይህን ስሌት አይለውጠውም። አንዴ ጠረጴዛው ላይ የዋለ ገንዘብ የእኔ አይደለም።

ጨዋታውን ለወዳጆቼ በሽምብራ ሳስተምር ያስተዋልኩት ነገር አለ። በሽምብራ ሲጫወቱ ማንም ካርታ አይጥልም። ሁሉም ደፋር ነው፤ ሁሉም እስከ መጨረሻው ይከፍላል። ጥቂት ብሮች ከየኪሱ ሲወጡ ግን ያው ሰው ቆም ብሎ ያስባል። ጥንቃቄን የሚያስተምረው ሕጉ ሳይሆን የሚያጡት ነገር የራስ መሆኑ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ፖለቲካ እንሻገር። ሪቻርድ ኒክሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በፓስፊክ የባሕር ኃይል መኮንን ሳሉ የተዋጣላቸው ፖከር ተጫዋች ነበሩ፤ ያሸነፉት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1946 ለኮንግረስ ላደረጉት የመጀመሪያ ውድድር ረድቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የቬትናምን ጦርነት ወረሱ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የኑክሌር ኃይላቸውን በምስጢር በተጠንቀቅ አቁመው ሶቪየት ኅብረትን ለማስፈራራት ሞከሩ። ሐኖይ አልተበገረችም። ፖከር ባዶ እጅን ይዞ ማስፈራራትን ይፈቅዳል፤ ማስፈራሪያው ካልሠራ መጣልንም ያስተምራል። ኒክሰን ወታደሮቻቸውን ቀስ በቀስ ማስወጣታቸው እውነት ነው፤ ሆኖም አሜሪካ ከጦርነቱ የወጣችው በ1973 ነው። ከሞቱት ከ58,000 በላይ አሜሪካውያን መካከል ከ20,000 የሚበልጡት ያለቁት በእርሳቸው ዘመን ነው። የቬትናማውያኑ እልቂት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይልቃል።

መጣልን ያላወቀ ሰው በፖከር ገንዘብ አያተርፍም። እንግዲህ ኒክሰን ጥበቡ አልጎደላቸውም ማለት ነው። የጎደለው በጠረጴዛው ላይ የእርሳቸው የሆነ ነገር ነው። የሌላው ሰው ልጅ ሕይወት በመሪ እጅ ሲገባ ሽምብራ ይሆናል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው ተረታችን ይህን ከማንም የሒሳብ ሊቅ ቀድሞ ነግሮናል።

«እስካሁን የተከፈለው መሥዋዕትነት ከንቱ ሊቀር አይገባም» የሚል ንግግር በየትኛውም አገር፣ ከየትኛውም ወገን ስንሰማ ሁለት ጥያቄ እናንሳ። ከእንግዲህ የሚከፈለው ከሚገኘው ጋር ይመጣጠናልን? የሚከፈለውስ ከማን ቤት ነው? ተናጋሪው ለሁለተኛው መልስ ከሌለው፣ እባካችሁ ቁማርተኛ አትበሉት። ቁማርተኛ የሚያጣው የራሱን ነው።