የባሕር አረም ጁስና የጨው ዕቃችን

በዚህ ወር ስለ ባሕር አረም እንነጋገራለን። ባሕር በሌለበት በአሰላ ይህን ምን አመጣው እንዳትሉ። ከዐረብ አገር በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ የደረቀውም፣ ዱቄቱም፣ እንደ ጄሊ የተዘጋጀውም እየገባ ነው። በስልክ የሚታዩ ቪዲዮዎችም «ከጁስ ጋር ጠጡት፣ ሾርባ ላይ ነስንሱት፣ እንቅርት ያጠፋል» ይላሉ። እኔን እንደ ፋርማሲስት የሚያሳስበኝ ይህ የመጨረሻው ቃል ነው።

አስቀድሜ ብዙዎች የሚጠይቁኝን ልመልስ፤ ሐላል ነው ወይ? የባሕር አረም ከባሕር የሚበቅል ነገር ስለሆነ፣ እስካልጎዳ ድረስ በራሱ የሚያጠያይቅ አይደለም። መታየት ያለበት አብሮት የሚመጣው ነው። በካፕሱል የተዘጋጀ ከሆነ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ከምን እንስሳ እንደተሠራ ካልተጻፈበት መተው ይሻላል። እንዲያውም በዚህ በኩል የባሕር አረም ባለውለታችን ነው። አጋር አጋር የሚባለው ዱቄት ከቀይ የባሕር አረም የሚወጣ ሲሆን ጄላቲንን ይተካል። በውኃ ወይም በወተት ጥቂት ደቂቃ አፍልታችሁ፣ ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላ ስኳርና የማንጎ ጭማቂ ብትጨምሩበት ያለ ፍሪጅ ይረጋል። ለኢፍጣር የሚጣፍጥ፣ ልጆች የሚወዱት ነገር ነው። በዚህ ቅር አይለኝም።

የምቃወመው ኬልፕ ወይም ኮምቡ የሚባለውን ቡናማውን ዓይነት በማንኪያ እየሰፈሩ እንደ መድኃኒት መጠጣትን ነው። አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት 250 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃቸዋል። አንድ ግራም ደረቅ ኬልፕ ግን ብቻውን ከ1,000 ማይክሮግራም በላይ ሊይዝ ይችላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ደግሞ ከአንድ ግራም ይበልጣል። ባለፈው ረመዷን አንዲት ነፍሰ ጡር እህት ልጇ ከባሕር ማዶ የላከችላትን ዕቃ ይዛ መጣች። አንገቷ ላይ እብጠት አለ። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ በጁስ ትጠጣለች። ልጇ በፍቅር ነው የላከችው፤ ግን ያንን ያህል አዮዲን በማህፀን ያለውን ሕፃን የታይሮይድ ዕጢ ሊያዳክም ይችላል።

«እንቅርት የአዮዲን እጥረት ከሆነ፣ ብዙ አዮዲን ምን ይጎዳል?» ትሉኝ ይሆናል። እጥረቱ እውነት ነው። እንደ እኛ ባለ ደጋ ለዘመናት የወረደው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል፤ ገብሱም ስንዴውም ድንቹም የሚያገኘው ጥቂት ነው። ነገር ግን ለዓመታት ሲጎድልበት የኖረ ዕጢ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲያገኝ ከልክ በላይ መሥራት ሊጀምር ይችላል። ልብ በኃይል ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። በ1990ዎቹ በዚምባብዌ አዮዲን የበዛበት ጨው ሲሠራጭ እንዲህ ያለው ሕመም ጨምሮ ነበር። በጃፓን ሆካይዶ ደሴት ደግሞ የባሕር አረም አብዝተው የሚበሉ የባሕር ዳርቻ ሰዎች እንቅርት ሲወጣባቸው ታይቷል። በማነስም በመብዛትም ይመጣል ማለት ነው።

የእኛ መፍትሔ በየቤታችን ያለው ጨው ነው። እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ጦርነት ድረስ በኤርትራ በኩል ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ይገባበት ነበር። ያ ሲቋረጥ የአፋሩ ጨው ያለ አዮዲን ገበያውን ያዘ። በ2011 እ.ኤ.አ. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ብቻ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 89 በመቶ ደረሰ።

ችግሩ አሁን ከሱቁና ከማጀታችን ነው። ጨው በተከፈተ ጆንያ ፀሐይና ርጥበት ላይ ሲከርም አዮዲኑ ይቀንሳል። ለከብት የተገዛውን ጨው ወጥ ውስጥ የሚጨምሩም አሉ። አንዳንዶቻችን ደግሞ «ቆሻሻ አለው» ብለን ጨዉን በውኃ አጥበን እናደርቀዋለን፤ ያን ጊዜ አብሮ የሚፈሰው አዮዲኑ ነው። አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን እሽግ ግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ፤ ወጥ ላይም ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ጨው ማብዛት አያስፈልግም፤ በተለይ የደም ግፊት ያለበት ሰው መጠኑን አያሳድግ።

የባሕር አረሙን የፈለጋችሁት ለልስላሴው ከሆነ ተልባ አለላችሁ። ቆልታችሁ ወቅጣችሁ በውኃ ብትበጠብጡት ያው ልስላሴ አለው፤ ዋጋውም አይወዳደርም። ከሻላ አጠገብ ካለው ከጭቱ ሐይቅ አረንጓዴውን አልጌ ቀድቶ ለመጠጣት የሚያስብ ካለ ደግሞ አይሞክረው። ስፒሩሊና የሚባለው እዚያ መብቀሉ እውነት ነው፤ የቻድ ሐይቅ የካኔምቡ ሙስሊም ሴቶችም ከሐይቃቸው ሰብስበው አድርቀው ወጥ ይሠሩበታል። ነገር ግን መርዛማ ዝርያ አብሮ ሊበቅል ስለሚችል ያልተመረመረ ውኃ አይታመንም። ስፒሩሊና የአዮዲን ምንጭም አይደለም።

አንገታችሁ ላይ እብጠት ያላችሁ፣ የታይሮይድ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ እርጉዝ የሆናችሁ እህቶች፣ የተላከላችሁን ዕቃ ከመክፈታችሁ በፊት ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። በላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እንዳትቀዱት፤ የአዮዲኑ መጠን የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።