ቀለሙ ይዋሻል

«ቀለሙ አይዋሽም። በጠቆረ ቁጥር ያረጀ ነው፤ ባረጀ ቁጥር ደግሞ የጣመ ነው።» በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ የውስኪና የወይን ጠጅ ቅምሻ የመሩ ባለሙያ እንዲህ አሉ። ገና ማንም ከንፈሩን ሳያስነካ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ፍርዱን ሰጡ። ታዳሚውም ብርጭቆውን አንስቶ አየ፤ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ የተቀመሰው ሁሉ ለይስሙላ ነበር። ጠቆር ያለው ሲቀዳ «ኧረ ይሄ ሌላ ነው!» ተባለ፤ ፈዛዛው ሲቀዳ ዝም ተባለ።

መሳሳት የማንም ነው። እኔን ያናደደኝ ግን ሥራው ማወቅ የሆነ ሰው፣ ከፍሎ ሊማር በመጣ ሰው ፊት፣ የሻጭን ዘዴ ዕውቀት አስመስሎ ማስተማሩ ነው።

በስኮትላንድ ከገብስ ብቅል ወጥቶ ወደ በርሜል የሚገባው መጠጥ ቀለም የሚባል ነገር የለውም። ቀለሙን የሚሰጠው እንጨቱ ነው። እንጨቱም የሚሰጠው እንደ ታሪኩ ነው፦ ከየትኛው የኦክ ዛፍ ዝርያ ተሠራ፣ ከዚያ በፊት ምን ይዞ ነበር፣ ስንት ጊዜ ተሞልቶ ተገለበጠ። ሸሪ የሚባለው የስፔን ወይን ጠጅ የነበረበትና ውስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞላበት በርሜል በጥቂት ዓመታት ውስጥ መጠጡን ቀይ ቡናማ ያደርገዋል። ቦርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ የነበረበትና ሦስተኛ ጊዜ የተሞላ በርሜል ግን ከ20 ዓመት በኋላም ፈዛዛ ቢጫ ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ቦርቦን በአሜሪካ ሕግ አዲስና ውስጡ በእሳት በከሰለ የኦክ ዕቃ ውስጥ መቀመጥ ስላለበት፣ አንዴ ያገለገለው በርሜል ይተርፋቸዋል። ስኮትላንዳውያንም በብዛት የሚገዙት ያንን ነው። እንግዲህ በመደርደሪያው ላይ የተደረደረው የስኮትላንድ ውስኪ በብዛት ፈዛዛ መሆን ነበረበት። የምናየው ግን አብዛኛው አንድ ዓይነት የደመቀ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ነው። ከየት መጣ?

ከተቃጠለ ስኳር ነው የመጣው። ኢ150ኤ የሚባለው ካራሜል ነው። የስኮትላንድ ውስኪ ሕግ በብዙ ነገር ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ደንብ መጠጡ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት እንዲቆይ፣ የአልኮል ጥንካሬው ከ40 በመቶ እንዳይወርድ ያዛል። ጣፋጭ መጨመር፣ ማጣፈጫ መጨመር ክልክል ነው። ሁለት ነገር ብቻ ተፈቅዷል፦ ውሃ እና ይኸው የካራሜል ቀለም። ጀርመን ውስጥ ቀለም የተጨመረበት ውስኪ ጠርሙሱ ላይ «ቀለም አለበት» ተብሎ ይጻፍበታል። ያው ጠርሙስ ለንደን ሲሸጥ ይህ ቃል የለበትም። እኛ ዘንድ የሚደርሰውም ያለ ቃሉ ነው።

«ቀለሙ አይዋሽም» የተባለው እንግዲህ ስለዚህ ቀለም ነው።

አምራቾች ሁልጊዜ የሚሰጡት መልስ አላቸው። ካራሜሉ ከበርሜል በርሜል ያለውን ልዩነት ለማስተካከል ነው፣ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ጣዕም አይለውጥም ይላሉ። እሺ፣ ጣዕም አይለውጥም እንበል። ታዲያ ጣዕም የማይለውጥ ነገር በሚጠጣ ነገር ውስጥ ምን ይሠራል? ገዢው ያንን ቀለም ሲያይ ስለ ዕድሜና ስለ ጥራት አንድ ነገር እንደሚያስብ ባያውቁ ኖሮ አንድ ጠብታ አይጨምሩም ነበር። ማስተካከል ብቻ ቢሆን የጠቆረውን በርሜል ወደ ፈዛዛው ማስጠጋት ለምን አልታሰበም? ማስተካከያው ሁልጊዜ ወደ ጥቁረት የሚሄደው ጥቁረት ስለሚሸጥ ነው።

ጣዕም አይለውጥም የሚለውንም ቢሆን እንዲሁ አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ2001 ጊል ሞሮ፣ ፍሬደሪክ ብሮሼ እና ደኒ ዱቡርዲዩ የተባሉ ሦስት ፈረንሳውያን ያሳተሙት ጥናት አለ። በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ወይን ጠጅ አሠራር ለሚማሩ 54 ተማሪዎች ነጭ ወይን ጠጅ ሰጧቸው፤ ያንኑ ነጭ ወይን ጠጅ ደግሞ ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም አቅልተው ሰጧቸው። ተማሪዎቹ የቀላውን በቀይ ወይን ጠጅ ቃላት ገለጹት፤ የቀይ ፍሬ ሽታ አገኙበት። በብርጭቆው ውስጥ የነበረው ያው ነጭ ነው። እነዚህ ሰዎች መንገድ ላይ የተገኙ አይደሉም፤ አፍንጫቸውን ለሥራ የሚያሠለጥኑ ናቸው። ቀለም ወደ ምላስ ሳይደርስ ጣዕም እንደሚቀይር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው እንዳለ አላውቅም። ስለዚህ ኢ150ኤ በምላስ አይቀመስም ማለት አይሠራም ማለት አይደለም። ሥራውን የሚሠራው በዓይን በኩል ነው።

አውሮፓ ይህንን አሳምራ ታውቃለች። የወይራ ዘይት ቀማሾች በዓለም አቀፉ የወይራ ምክር ቤት ደንብ የሚጠቀሙበት ብርጭቆ ጠቆር ያለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥልቅ ሰማያዊ። ምክንያቱም አረንጓዴ ዘይት ሲያዩ ትኩስ፣ ቢጫ ሲያዩ አሮጌ ብለው እንዳይፈርዱ ነው። ለሰላጣ ማራሻ ዘይት ይህን ያህል ጥንቃቄ ተደርጎ፣ በጠርሙስ የወር ደመወዝ ለሚጠየቅበት መጠጥ «መጀመሪያ ቀለሙን እዩ» ይባላል።

በወይን ጠጅ ደግሞ የባለሙያው ሕግ ጭራሽ ተገልብጦ ይወድቃል። ቀይ ወይን ጠጅ ሲያረጅ ይፈዛል እንጂ አይጠቁርም። ወጣትነቱ ሐምራዊ የነበረው ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል፤ ጠርዙም ይሳሳል። የሚጠቁረው ነጩ ነው። በሰሜን ጣሊያን፣ በፒዬሞንቴ፣ ኔቢዮሎ ከሚባለው ወይን የሚጠመቀውን ባሮሎ ውሰዱ። ሕጉ ቢያንስ 38 ወር እንዲቆይ፣ ከዚህም 18ቱን ወር በእንጨት ውስጥ እንዲያሳልፍ ያዛል። ሲቀዳ ግን ጣት ከብርጭቆው ጀርባ ይታያል፤ በባለሙያው ሚዛን ቀላል፣ ለጋ፣ ርካሽ ነው። እኔ ስቀምሰው መጀመሪያ የሚመጣልኝ የጽጌረዳ ሽታ ነው፤ ከሥሩ እንደ ሬንጅ ያለ ነገር አለ፤ ከዚያ ታኒን የሚባለው ነገር ድድ ይይዛል፣ አፍ ያደርቃል፣ አልለቅም ይላል። ሥጋ ካልቀረበለት ይከብዳል። ይህን ሁሉ ጉልበት የተሸከመው ያ የሳሳ ቀይ ነው። ስፔን ደቡብ፣ ሄሬዝ ውስጥ ደግሞ ፊኖ የሚባለው ሸሪ ላዩን የእርሾ ሽፋን ከአየር ስለሚከልለው ለዓመታት በርሜል ውስጥ ቆይቶም ፈዛዛ ነው፤ ፔድሮ ሂሜኔዝ ግን ፀሐይ ላይ ከደረቀ ወይን ስለሚሠራ ገና በለጋነቱ ጠቁሯል። ዕድሜ የት አለ እዚህ ውስጥ?

ወደ ውስኪ ልመለስ፤ ብሶቴ ያለው እዚያ ነው። በስኮትላንድ ምዕራብ አይላ የምትባል ደሴት አለች። ከዚያች ደሴት የሚመጡ ሁለት ውስኪዎችን ጎን ለጎን አስቀምጬ እቀምሳለሁ፦ የ10 ዓመቱን አርድቤግ እና የ12 ዓመቱን ቡናሃቨን። አርድቤግ የቦርቦን በርሜል ልጅ ስለሆነ እጅግ ፈዛዛ ነው። ቡናሃቨን ሸሪ በርሜልም ስላለበት የደመቀ ቡናማ ነው፤ ከ2010 ወዲህ ቀለም አይጨመርበትም። በመካከላቸው ያለው የሁለት ዓመት ልዩነት ይህን ያህል ቀለም አያመጣም፤ ያመጣው በርሜሉ ነው። ፈዛዛው አርድቤግ አፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን የቀመሰ ያውቃል። ብቅሉ የደረቀው ፒት በሚባል ከረግረግ ተቆርጦ በሚወጣ አፈር ጭስ ስለሆነ፣ ጭሱ ጉሮሮ ድረስ ይሞላል። ከጭሱ በኋላ ሎሚ ይመጣል፣ ጨው ይመጣል፣ በመጨረሻ ቁንዶ በርበሬ ምላስ ላይ ይቆያል። ከዋጡት በኋላም ለረጅም ጊዜ አይሄድም። ቡናሃቨን ለስላሳ ነው፤ የደረቀ ፍሬ፣ የለውዝ ቅባት፣ ትንሽ የባሕር ጨው አለው። ሁለቱንም እወዳለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ኃይለኛውን ጠቁም ብባል ግን ጣቴ የሚሄደው ወደ ፈዛዛው ነው። የቅምሻው ባለሙያ አርድቤግን ከሩቅ አይተው ይጥሉት ነበር።

ቀለምን ለማክበር ትልቁን ሙከራ ያደረገው የስኮትላንዱ ውስኪ አምራች ማካለን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የዕድሜ ቁጥርን ከአንዳንድ ጠርሙሶቹ አንስቶ ጎልድ፣ አምበር፣ ሲየና፣ ሩቢ እያለ በቀለም ስም አወጣቸው። ማካለን ካራሜል አይጨምርም፤ ይህን አከብርለታለሁ። ግን ቀለሙ እውነተኛ ሲሆን እንኳ የሚናገረው ስለ በርሜሉ ነው። ጠጪው በ12 እና በ18 ፈንታ የቀለም ደረጃ ተሰጠው፤ በጠቆረ ቁጥርም ዋጋው ናረ። የሻጭ ዘዴ ነው ያልኩት ይህንን ነው።

ለዓይን ሲባል የሚደረገው በዚህ አያበቃም። ጥንካሬው ከ46 በመቶ በታች የሆነ ውስኪ በረዶ ሲገባበት ወይም ሲቀዘቅዝ ሊደፈርስ ይችላል። ድፍርሱ ጉዳት የለውም፤ ከእህሉና ከእንጨቱ የመጣ ቅባት ነው፤ ለመጠጡ ውፍረት የሚሰጠውም እሱ ነው። ጠጪው እንዳይደነግጥ ሲባል ግን ብዙ አምራቾች መጠጡን አቀዝቅዘው ያንን ቅባት በማጣሪያ ያወጡታል። መጀመሪያ ለዓይን ሲሉ ቀለም ጨመሩ፤ ቀጥለው ለዓይን ሲሉ ውፍረቱን ቀነሱ።

እኛ ይህን ለመረዳት ስኮትላንድ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። ጠጅ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ቢጫነት የማር ምስክር እንዳልሆነ፣ ስኳርና ቀለም ተቀላቅሎ ከማር ጠጅ የበለጠ ቢጫ እንደሚወጣ፣ ጠጅ ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል። ደህና ጠጅ ጠጪ ብርሌውን በመብራት አይመረምርም፤ ያሸታል፣ ይጎነጫል፣ ከዚያ ይናገራል። ያ አስተዋይ ሰው ውስኪ ፊት ሲቀመጥ ለምን ምላሱን ይረሳል? ሠርግ ላይ ጠርሙሱ በጠቆረ ቁጥር ደጋሹ የከበረ ይመስለዋል፤ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ያንኑ ያመጣል። ወጣቶቻችን በዚህ ገንዘብ እየጨረሱ ነው። ቀማሽ ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ የሚል ሰው ይህን ማስቆም ሲገባው ማይክ ይዞ ሲያባብስ ዝም ማለት አልችልም።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር ልበል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር በውስጡ ካለው ውስኪ ሁሉ የትንሹ ዕድሜ ነው፤ እውነተኛ መረጃ ነው፣ በሕግ የተጠበቀ ነው። ጣዕም ግን አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ በርሜል በዓመት ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ መጠጥ ወደ አየር ይሰጣል፤ የቀረው ደግሞ ከመጠን በላይ ከቆየ እንጨት እንጨት ይላል፣ ይመራል።

ለሚገዛ ሰው የምለው ይህን ነው። ጠርሙሱን ወደ መብራት አታንሳ፤ አዙረህ ጽሑፉን አንብብ። ጥንካሬው 46 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን እይ። ቀለም እንዳልተጨመረበት፣ በቅዝቃዜ እንዳልተጣራ ተጽፎ እንደሆነ ፈልግ፤ ያላደረገ አምራች ይህን ከመጻፍ አይቦዝንም፣ ብሩክላዲና ስፕሪንግባንክ የሚታወቁት በዚህ ነው። አስመጪዎችም ቀለም ያለበትን ጠርሙስ ጀርመኖች እንዳደረጉት በግልጽ ቃል፣ በአማርኛ፣ ከዋጋው አጠገብ ይለጥፉበት። የቅምሻ ምሽት የሚያዘጋጅ ሁሉ ደግሞ የመጀመሪያውን ዙር በጥቁር ብርጭቆ ይቅዳ፤ ጥቁር ብርጭቆ ከሌለው መብራቱን ያጥፋ፤ ሰው አሽትቶና ጠጥቶ የመሰለውን ከተናገረ በኋላ ብቻ ጠርሙሱን ያሳይ።